አብርሃም ሊንከን ለመጀመሪያ ጊዜ የሕዝብ ድምፅ የጠየቀበት ዘመን

በ1832 ዓ.ም. በመጋቢት ወር (በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪቃ በኢሊኖይ ግዛት፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ይታተም በነበረው ሳንጋሞ ጆርናል በተባለው ጋዜጣ ላይ አንድ ረጅም ማስታወቂያ ወጣ። የማስታወቂያው ባለቤት ዕድሜው 23 ዓመት፥ ሥራው የሰው ሱቅ ጠባቂነት፥ በአገሩም መሬት ሆነ ባለሥልጣን ዘመድ የሌለው ሰው ነበረ። የሳንጋሞን ወረዳ ሕዝብ ለግዛቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ አድርጎ እንዲመርጠው ይለምናል። ይህ ሰው አብርሃም ሊንከን ነው። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ መሳፍንት እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሚባሉትም ገና ልጅ ነበሩ።

ሊንከን የተወለደው በ1809 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በኬንታኪ በግንድ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ነው። አባቱ ቶማስ ገበሬና አናጢ ነበረ። ቤተ ሰቡ በ1816 ወደ ኢንዲያና ፈለሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እናቱ ናንሲ ሞተች። ተማሪ ቤት የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ነገር ግን መጽሐፍ ካገኘ ሳይጨርስ አይለቅም ነበር፤ የእንጀራ እናቱም በዚህ ትደግፈው ነበር እንጂ አትከለክለውም ነበር።

በ1831 ዕቃ በታንኳ ጭኖ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሲወርድ፥ በሳንጋሞን ወንዝ ዳር ባለችው በኒው ሳሌም መንደር ፊት ታንኳው በወፍጮ ግድብ ላይ ተንጠለጠለ። ሊንከን የጭነቱን ከፊል አስወርዶ፥ ከፊተኛው ወለል ላይ ቀዳዳ አበጅቶ የገባውን ውሃ አፈሰሰና ታንኳውን አሻገረ። መንደርተኛው ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። የጭነቱ ባለቤት ዴንተን ኦፈት በዚህ ተደስቶ በመንደሪቱ ሱቅ ሲከፍት ሊንከንን ሻጭ አደረገው። ኒው ሳሌም ሃያ አምስት ያህል ቤተ ሰብ የሚኖርባት ትንሽ ስፍራ ነበረች። ሱቅ ደግሞ ገበሬው፥ ወፍጮ አስፈጪው፥ መንገደኛውም የሚገናኙበት ነውና፥ ከዚያ ቆጣሪ ኋላ የቆመ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ የአገሩን ሁሉ ስምና ጠባይ ያውቃል። የአካባቢው ጉልበተኛ ጃክ አርምስትሮንግ ትግል ሊገጥመው መጣ፤ ትግሉ ሲያልቅ ግን ሁለቱ የዕድሜ ልክ ወዳጆች ሆኑ። የዚያን ሰው ወዳጅነት ማግኘት በክላሪ ግሮቭ ያሉትን ጎልማሶች ሁሉ ማግኘት ነበረ።

በማስታወቂያው ላይ የገለጸው ሐሳብ የነጋዴ ሐሳብ ነው። የአገሩ እህልና ሥጋ ገበያ የሚደርሰው በውሃ ነው፤ የሳንጋሞን ወንዝ ግን ጠማማ፥ በወደቀ ግንድም የተሞላ ነበረ። ሌሎች የባቡር ሐዲድ ይሠራ ሲሉ፥ ሊንከን ለዚያ የተገመተው 290,000 ዶላር ከሕዝቡ አቅም በላይ መሆኑን አስረድቶ፥ ወንዙን መጥረግና ማቅናት ይሻላል አለ። ባሮ በክረምት ሲሞላ መርከብ እስከ ጋምቤላ ይደርስ የነበረበትን ንግድ የሚያስታውስ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለተኛው ሐሳቡ አራጣን በሕግ መወሰን ነበረ። እዚህ ላይ ግን በጣም የቸገረው ሰው ሕጉን የሚያልፍበት መንገድ መቼም አያጣም ብሎ ጨመረበት። ሕግ አውጪ ለመሆን የሚወዳደር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በጋዜጣ መጻፉ ያስደንቃል። ሦስተኛው ትምህርት እንዲስፋፋ ነው፤ ስለዚህ ግን ዝርዝር አላቀረበም።

ወንዙ በርግጥ መርከብ ይችል እንደሆነ ለማየት በዚያው ሰሞን ታሊስማን የምትባል የእንፋሎት መርከብ መጣች። ሊንከንና ጓደኞቹ መጥረቢያ ይዘው ከፊትዋ የዛፍ ቅርንጫፍና ግንድ እየቈረጡ መንገድ ጠረጉላት። መርከቢቱ ወደ ስፕሪንግፊልድ አቅራቢያ ደርሳ ደስታ ሆነ። ነገር ግን ውሃው ወዲያው ጐደለና በፍጥነት መመለስ ግድ ሆነባት። ስትመለስ ከመሪዎቿ አንዱ ሊንከን ነበረ፤ 40 ዶላርም ተከፈለው። በኒው ሳሌም ስታልፍ የወፍጮውን ግድብ ከፊል ማፍረስ አስፈለገ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ወንዝ ላይ ይህን ያህል የሚነገርለት መርከብ አልታየም።

ብዙም ሳይቈይ የኦፈት ሱቅ ከሰረ፤ ዕጩው ያለ ሥራ ቀረ። በሚያዝያ ወር ብላክ ሀውክ የተባለው የሕንዶች አለቃ ከሕዝቡ ጋር የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻገረ ተብሎ የወዶ ዘማች ጥሪ ሲታወጅ ሊንከን ዘመተ። ሻምበላቸውን የመረጡ ዘማቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ አብዛኞቹ ከእርሱ ኋላ ተሰለፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚህ ሲጽፍ፥ ከዚያ ወዲህ ካገኘው ማዕረግ አንዱም ይህን ያህል ደስ እንዳላሰኘው ገልጿል። ጦርነት ግን አላየም፤ ከትንኝ ጋር ብቻ እንደ ተዋጋ በኋላ በራሱ ላይ ቀልዷል። በሐምሌ 10 ቀን ተሰናበተ። ፈረሱ ሌሊት ተሰርቆ ስለ ነበረ ሰፊውን መንገድ በእግሩና በታንኳ ተጕዞ አገሩ ሲደርስ፥ ለምርጫው የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ነበረ።

በዚህ አጭር ጊዜ በየገበያውና ሐራጅ በሚወጣበት ስፍራ እየዞረ ተናገረ። ልብሱ እጅጌው ያጠረ ሻካራ ኮትና የገለባ ባርኔጣ ነበረ። በፓፕስቪል የመጀመሪያ ንግግሩን ሊጀምር ሲል በሕዝቡ መካከል ጠብ ተነሣ። ሊንከን ከቆመበት ወርዶ ወዳጁን የሚደበድበውን ሰው በአንገቱና በሱሪው ይዞ ወዲያ ከወረወረው በኋላ ተመልሶ ንግግሩን ቀጠለ ይባላል። ንግግሩም አጭር ነበረ።

የምርጫው ሥርዐት ዛሬ ካለው የተለየ ነበረ። መራጩ በጸሐፊው ፊት ቆሞ የሚመርጣቸውን ሰዎች ስም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጸሐፊውም ይመዘግባል። ባለ ዕዳ የሆነ ገበሬ አበዳሪው ሲሰማ እንዴት በነጻ ሊናገር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። የሆነ ሆኖ ድምፁ ቀጥተኛ ነበረ። ከ120 ዓመት በኋላ በ1952 የኤርትራ ምክር ቤት 68 አባላት ሲመረጡ፥ በቀጥታ የመረጠው የአስመራና የምጽዋ ሕዝብ ብቻ ነው፤ የቀረው አገር ግን በወኪሎቹ አማካይነት መርጧል።

ነሐሴ 6 ቀን ድምፁ ተቈጠረ። 13 ዕጩዎች ለአራት መቀመጫ ተወዳድረው ሊንከን በ657 ድምፅ ስምንተኛ ሆነ። ወደቀ። ካሸነፉት አንዱ ስመ ጥሩው ሰባኪ ፒተር ካርትራይት ነበረ፤ ከ14 ዓመት በኋላ ለኮንግሬስ ሲወዳደሩ ግን ሊንከን ረታው። በራሱ መንደር በኒው ሳሌም ከ300 መራጮች 277ቱ ስሙን ጠሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በፕሬዚዳንቱ ምርጫ የእርሱ ወገን አልነበሩም። ሕዝብ በቀጥታ ከሰጠው ሽንፈት እርሱ የሚቈጥረው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሁለት ዓመታት ከምርጫው ይልቅ የከፉ ነበሩ። ከዊሊያም ቤሪ ጋር በዱቤ ሱቅ ገዝቶ ነገደ፤ ሱቁ ከሰረ፥ ሸሪኩም በ1835 ሞተ። ዕዳው 1,100 ዶላር ያህል ሆኖ በሊንከን ላይ ወደቀ። በዚያ ዘመን ብዙዎች በሌሊት አገር ለቀው ከዕዳ ያመልጡ ነበር፤ እርሱ ግን አልሄደም፥ ዕዳውንም ለብዙ ዓመት ከፈለ። በ1833 የኒው ሳሌም ፖስታ ቤት ሹም ሆነ፤ ደብዳቤ በባርኔጣው ውስጥ ይዞ ለባለቤቱ ያደርስ ነበር። በዚያው ዓመት የመሬት ቀያሽ ምክትል ሆኖ ሥራውን ከመጽሐፍ ተማረ። አንድ አበዳሪ ከስሶት ፈረሱና የቅየሳ መሣሪያው በሐራጅ ሲሸጡ፥ ጄምስ ሾርት የተባለ ገበሬ ገዝቶ መልሶ ሰጠው። ፖስታና ቅየሳ ደመወዛቸው ትንሽ ቢሆንም በወረዳው ውስጥ የማይረግጠው ደጃፍ እንዳይኖር አደረጉት።

በ1834 እንደገና ተወዳደረ። በአንድ እርሻ ላይ ሠላሳ የሚያህሉ አጫጆች፥ ከእኛ ጋር ሊሠራ የማይችል ሰው ድምፃችንን አያገኝም አሉት። ሊንከንም ማጨጃውን ተቀብሎ ቀደማቸው፤ ድምፃቸውንም አገኘ። በዚህ ጊዜ 1,376 ድምፅ አግኝቶ ከዕጩዎቹ ሁሉ ሁለተኛ ሆነ። ወደ ዋና ከተማው ወደ ቫንዳሊያ የሚሄድበት ልብስ ግን አልነበረውም። ከኮልማን ስሙት 200 ዶላር ተበድሮ በ60ው ሙሉ ልብስ አሰፋ። ያንንም ብድር ከፍሏል።

በምክር ቤቱ አራት ጊዜ ተመርጦ አገለገለ፤ ሥራው ሁሉ ግን አልሰመረለትም። በ1837 መንገድ፥ ቦይና ሐዲድ ለመሥራት 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲወጣ የተወሰነው እርሱም ደግፎት ነው። የ290,000 ዶላር ወጪ ከባድ ነው ያለው ሰው ይህን ለምን እንደ ደገፈ ለመረዳት ያስቸግራል። ወዲያው የገንዘብ ድቀት መጥቶ ኢሊኖይ ለብዙ ዘመን በዕዳ ተያዘች። በዚያው ዓመት መጋቢት 3 ቀን ግን ከዳን ስቶን ጋር ሆኖ ባርነት በፍትሕ መጓደል ላይ የተመሠረተ መሆኑን በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ አሰፈረ። የፈረሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ የታወቀ ነው፤ በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፥ በ1863 የባሮችን ነጻነት አወጀ፥ በ1865 ሚያዝያ 14 ቀን ማታ በጥይት ተመትቶ በማግሥቱ ሞተ። የመጀመሪያ ድምፁን የሰጠችው ኒው ሳሌም ግን ይህን አላየችም። መርከብ በወንዙ ሳይመላለስ ቀረ፤ ነዋሪዎቿም ሊንከን ራሱ ወደ ቀየሳት ወደ ፒተርስበርግ እየሄዱ፥ በ1840 ገደማ መንደሪቱ ባዶ ቀረች።