ፑሽኪንና በሌለበት የታየው ባሌት

ይህችን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተመለከትነው ትርኢት ነው። እኛ በታቦር ተራራ ሥር የምንማር ልጆች ባሌት የሚባለውን የአውሮፓ ጭፈራ ከመድረክ ላይ ለማየት ዕድል አላገኘንም። የክበባችን መምህር ግን ኦኔጊን የተባለውን ባሌት በኮምፒውተራቸው ይዘው መጡና በአዳራሹ ነጭ ግድግዳ ላይ አሳዩን። ማስታወቂያው በተለጠፈ ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ቃሉን በችኮላ አንብበው ስለ ባሌ አገር የሚሰጥ የጂኦግራፊ ትምህርት መስሏቸው ነበር። ሴቶቹ ተማሪዎች ደግሞ ባሌን ላየው ነው እየተባባሉ ሲሣሣቁ ሰነበቱ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ያሳለፍነው በሳቅ ነበር። የእኛ አገር ጭፈራ በትከሻና በአንገት ነው፤ በአካባቢያችንም በፍቼ ጫምባላላ በዓል ቄጣላ ሲወጣ ሰው ሁሉ ድምፁን አውጥቶ በአንድነት ይዘፍናል። በባሌት ግን ማንም ቃል አይናገርም፤ ሴቶቹ በእግር ጣታቸው ጫፍ ቆመው የልባቸውን ነገር በእጅና በወገብ ይገልጡታል። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ታትያና የምትባል የገጠር ልጅ ከከተማ የመጣውን ኦኔጊንን ወድዳ ሌሊት ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ እርሱም በልደት ድግስዋ ላይ ደብዳቤዋን ቀዶ ይመልስላታል። በዚያው ድግስ ኦኔጊን የወዳጁን የሌንስኪን እጮኛ ለቀልድ ያህል ደጋግሞ ሲያስጨፍራት ሌንስኪ ተቈጥቶ በሽጉጥ እንዲገጥሙ ይጠራዋል። ሁለቱ ወዳጆች ለመተኳኰስ በተዘጋጁበት ሰዓት መብራት ጠፋ።

መስኮቱ ሁሉ በመጋረጃ ተሸፍኖ ስለ ነበረ አዳራሹ ጨለመ፤ ጩኸትም ሆነ። መምህራችን ግን ጩኸቱን በቍጣ አላስቆሙትም። ይህን ታሪክ የደረሰው የሩሲያ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን ራሱ እንዲሁ ባለ ግጥሚያ በሽጉጥ ተመትቶ መሞቱን፤ የዘር ሐረጉም ወደ አፍሪካ የሚመዘዝ መሆኑን በዝግታ ነገሩን። ያን ጊዜ ዝም አልን። መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርነውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፑሽኪን የተወለደው በሞስኮ ከተማ ጁን 6 ቀን 1799 ነው። አባቱ ከጥንታዊ የሩሲያ መኳንንት ወገን ነበሩ። እናቱ ናዴዥዳ ደግሞ የአብራም ሃኒባል የልጅ ልጅ ናቸው። ይህ አብራም ገና ሕፃን ሳለ ከአፍሪካ ተወስዶ ወደ ቍስጥንጥንያ የመጣ፤ ከዚያም በ1704 ገደማ ወደ ሩሲያ የተላከ ልጅ ነበር። ታላቁ ጴጥሮስ ወደዱት፤ በ1705 ሲጠመቅም የክርስትና አባት ሆኑት። በኋላም ወደ ፈረንሳይ ልከው የጦር ምህንድስና አስተማሩት። ከተመለሰ በኋላ ብዙ መከራና ብዙ ሹመት አፈራርቆ አይቶ፤ በሩሲያ ጦር ውስጥ እስከ ከፍተኛው የጄኔራልነት ማዕርግ ደረሰና በ1781 በእርጅና ዐረፈ። ባለቅኔው ይህን ቅድመ አያቱን በዓይኑ አላየውም፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያስበው ኖረ። በ1827 ስለ እርሱ ልብ ወለድ መጻፍ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀርቷል።

አብራም ከየትኛው የአፍሪካ ክፍል መጣ የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ራሱ አብራም በ1742 ለመንግሥት ባቀረበው ማመልከቻ ላይ የተወለደበትን ከተማ ላጎን ብሎ ጠርቶታል። ከሞተ በኋላ በቤተ ሰቡ እጅ የቆየው በጀርመንኛ የተጻፈ የሕይወት ታሪኩ ግን ሐበሻ ነው ይላል። አኑቺን የተባለ የሩሲያ ሊቅ በ1899 ይህንኑ ተከትሎ አገሩን ከመረብ ወንዝ ወዲያ በሐማሴን አካባቢ ፈለገው። የቤኒን ተወላጅ የሆነው ኛማንኩ ደግሞ በ1996 ባሳተመው ጥናት ከተማዪቱ በዛሬዪቱ ካሜሩን የምትገኘው ሎጎን ናት ብሎ ተነሣ። ከእኛ ግማሾቹ የመጀመሪያውን፤ ግማሾቹ ሁለተኛውን ይዘናል። አዲስ አበባ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ በሳር ቤት በኩል ያለውን አደባባይ በፑሽኪን ስም ጠርታዋለች።

ስለ ተማሪነቱ ዘመን ብዙ ብንጽፍ አንባቢ አይፈርድብንም። በ1811 በጥቅምት ወር ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በጻርስኮዬ ሴሎ አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ 30 ተማሪዎች አንዱ ፑሽኪን ነበር። ልጆቹ ለስድስት ዓመት ያህል ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በሌላ በኩል ግን በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪን መግረፍ ክልክል ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጥቶት ነበርና የፑሽኪን ክፍል ቍጥር 14 ነበረች። በሒሳብ ትምህርት እጅግ ደካማ ነበር። በ1817 ሲመረቅ ከ29 ተማሪዎች ሃያ ስድስተኛ ሆኖ ወጣ። ይህን ስናነብ ከመካከላችን የተጽናኑ መኖራቸውን አንደብቅም፤ ነገር ግን ሒሳብ አለማወቅ ብቻውን ባለቅኔ እንደማያደርግ መምህራችን ወዲያው አስጠንቅቀውናል።

በ1815 መጀመሪያ በተደረገው ፈተና ላይ የዘመኑ ታላቅ ባለቅኔ ዴርዣቪን ተጋብዘው መጥተው ነበር። ሽማግሌው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ስለ ሆነ በወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ያንገላጃቸው ነበር። የ15 ዓመቱ ፑሽኪን ግጥሙን ማንበብ ሲጀምር ግን ነቁ፤ ዓይናቸውም አበራ። ሊያቅፉት ፈልገው ቢያስፈልጉት ልጁ ከእፍረት የተነሣ ሮጦ ተደብቆ ነበርና አልተገኘም።

ከተመረቀ በኋላ በፒተርስቡርግ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ ሥራው ቀላል ስለ ነበረ ማታ ማታ ከቲያትር ቤት አይጠፋም ነበር። በዚያን ጊዜ የባሌቱ አለቃ ዲድሎ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን ከደቀ መዛሙርቱም ሁሉ የላቀችው አቭዶትያ ኢስቶሚና ነበረች። ኢስቶሚና ከፑሽኪን ጋር በአንድ ዓመት የተወለደች ናት። በእርሷ ምክንያት በ1817 ሁለት መኳንንት ተታኵሰው አንደኛው ሼሬሜቴቭ ሞተ። የሁለቱ ምስክሮችም በተራቸው ሊገጥሙ ተማምለው ነበርና በሚከተለው ዓመት በቲፍሊስ ሲገጥሙ ደራሲው ግሪቦዬዶቭ እጁን ቈሰለ። ፑሽኪን በዚህ ሁሉ ደንግጦ ከቲያትርም ከሽጉጥም አልራቀም፤ እንዲያውም በጥቃቅን ነገር ሰውን ለግጥሚያ የሚጠራ ቍጡ ወጣት ነበር።

ወዲያውም ስለ ነጻነት የጻፋቸው ግጥሞች በእጅ ጽሑፍ እየተገለበጡ በከተማው ተሠራጩ። አገረ ገዢው አስጠርቶ በጠየቀው ጊዜ ቤቱ ቢፈተሽ ምንም እንደማይገኝ፤ ወረቀት ቢሰጡት ግን ሁሉንም በቃሉ ሊጽፍላቸው እንደሚችል ነገራቸው፤ ተቀምጦም ጻፈ። አገረ ገዢው ድፍረቱን ወደዱለት። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ እስክንድር ግን በ1820 ወደ ደቡብ እንዲጋዝ አደረጉ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 21 መሙላቱ ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ጽሑፍ ስም የሰጠንበት ነገር የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ፑሽኪን በመንገዱ የካውካዝን ተራሮች አየና የካውካዝ ምርኮኛ የተባለውን ግጥም ጻፈ፤ በ1822ም ታተመ። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የሩሲያ ሰው በተራራ ሰዎች ይማረካል። አንዲት የሰርካስያ ልጅ ምግብ እያመላለሰች ትወድደዋለች፤ እርሱ ግን ልቡ ለሌላ የተሰጠ መሆኑን ይነግራታል። እርሷም አልቅሳ ትሄድና አንድ ሌሊት መጋዝ ይዛ ተመልሳ ሰንሰለቱን ትቈርጥለታለች። ወንዙን ዋኝቶ ተሻግሮ ዘወር ሲል ልጅቱ የለችም፤ በውኃው ላይ የሚሰፋ ክብ ብቻ ይታያል።

ዲድሎ ይህን ግጥም ባሌት አድርጎ በ1823 በጃንዋሪ ወር በፒተርስቡርግ መድረክ ላይ አወጣው። የሰርካስያዪቱ ልጅ ሆና የተጫወተችው ኢስቶሚና ነበረች። ደራሲው ግን በዚያ ሰዓት ከከተማው እጅግ ርቆ በኪሺኔቭ በግዞት ተቀምጦ ነበር። ስለ ባሌቱ ወሬ በሰማ ጊዜ ለታናሽ ወንድሙ ለሌቭ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ስለ ዲድሎና ስለ ኢስቶሚና ሁሉን እንዲነግረው ለመነው፤ በአንድ ወቅት እርሱም እንደዚያ ምርኮኛ ሆኖ ይከተላት እንደ ነበረ ሳይሸሽግ አስታወሰው። ይህን ስናነብ ሁላችንም አዘንን። በራሱ ልብ የፈለቀው ታሪክ በሚያውቀው መድረክ ላይ፤ በሚያውቃት ሴት እግር ሲነገር ሌላው ሰው ሁሉ ትኬት ገዝቶ ይገባል፤ እርሱ ግን የወንድሙን ደብዳቤ ይጠብቃል። እኛ ከሐዋሳ ሳንነሣ በግድግዳ ላይ ማየታችንን እንደ ጕድለት ቈጥረነው ነበር።

የቀረውን የግዞት ዘመን በአጭሩ እናልፈዋለን። በክራይሚያ በባክቺሳራይ ቤተ መንግሥት ያየው ምንጭ ሌላ የኀዘን ግጥም አስጻፈው፤ እርሱም ከብዙ ዘመን በኋላ በ1934 በሌኒንግራድ ባሌት ሆኖ ጋሊና ኡላኖቫ ተጫውታበታለች። በ1824 ወደ እናቱ ርስት ወደ ሚካይሎቭስኮዬ ተዛወረ። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ በማታ ተረት የምትነግረው ሞግዚቱ አሪና ነበረች። በ1826 አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኒቆላዎስ ከግዞት አወጡት፤ ነገር ግን ጽሑፉን ሁሉ ራሳቸው እየመረመሩ እንዲያሳልፉ ወሰኑ። በ1823 የጀመረውን ኦኔጊን የተባለውን በግጥም የተጻፈ ልብ ወለድም ከሰባት ዓመት በላይ ሠርቶ ፈጸመው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለኢስቶሚና ጭፈራ ቦታ ሰጥቷታል፤ ሌንስኪንም በወዳጁ ጥይት ገደለው።

በ1831 በውበቷ የታወቀችውን ናታልያ ጎንቻሮቫን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። በቤተ መንግሥቱ ድግስ ላይ መታየት ግዴታ ሆነበት፤ ዕዳውም በዛ። ዳንቴስ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኰንን ናታልያን በግልጽ መከተል ጀመረ።

በ1836 በጥቅምት ወር የትምህርት ቤቱ ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በየዓመቱ በዚያ ቀን የመሰብሰብ ልማድ ነበራቸው፤ በየጊዜው ግን ቍጥራቸው እየቀነሰ ሄዷል። ፑሽኪን ለበዓሉ ግጥም ይዞ መጥቶ ማንበብ እንደ ጀመረ እንባ ስላነቀው ሳይጨርስ እንደ ተቀመጠ ይነገራል። እኛም የትምህርት ቤታችንን በዓል ስናከብር ይህን ነገር ማስታወሳችን አልቀረም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሳያልፍ ሚስቱን የሚያዋርድና በእርሱ የሚያላግጥ ስም የሌለው ደብዳቤ በእጁ ገባ። ዳንቴስ የናታልያን እኅት ቢያገባም ወሬው አልበረደም።

በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1837 በቾርናያ ሬችካ አጠገብ በበረዶ ላይ ገጠሙ። የፑሽኪን ምስክር ሆኖ የቆመው ዳንዛስ አብሮት በትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው። ዳንቴስ ቀድሞ ተኰሰና ሆዱን መታው። ፑሽኪን ከወደቀበት ክንዱን ተደግፎ ተኰሰ፤ ዳንቴስን ግን ያቈሰለው በጥቂቱ ነበር። ከሁለት ቀን ሥቃይ በኋላ በ37 ዓመቱ ሞተ። ዳንቴስ ከሩሲያ ተባረረ፤ በአገሩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ እስከ 1895 ኖረ። ይህ ለእኛ እስከ ዛሬ ያልተዋጠልን ነገር ነው።

መንግሥት የሕዝቡን ኀዘን ስለ ፈራ ሬሳው በሌሊት ከከተማ ወጣ። በስቪያቶጎርስክ ገዳምም ተቀበረ። እናቱ ባለፈው ዓመት ሞተው በዚያው ስለ ተቀበሩ፤ የሃኒባል ዘር የሆኑት እናትና ልጁ ጎን ለጎን ዐረፉ።

እኛ ያየነውን ባሌት በ1965 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ያዘጋጀው ጆን ክራንኮ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። ሙዚቃው የቻይኮቭስኪ ሲሆን ከቻይኮቭስኪ ልዩ ልዩ ድርሰቶች የተውጣጣ ነው። መብራቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ መምህራችን ግጥሚያውን ከመጀመሪያው ጀምረው አሳዩን፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። በመጨረሻው ክፍል ታትያና ትዳር ይዛለች። ኦኔጊን ተጸጽቶ መጥቶ ይለምናታል፤ እርሷም እየወደደችው ደብዳቤውን ቀድዳ በሩን ታሳየዋለች። እርሱ ሮጦ ሲወጣ ብቻዋን ቆማ ታለቅሳለች። ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነሣም። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥን፤ ፀሐይ ወደ ሐይቁ አዘንብላ ነበር፤ ወንበሮቹንም ተሸክመን ወደየክፍላቸው መለስን።