የሱሉልታ ኮረብታና የአበበ ቢቂላ እግር

ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ቦርሳውን አዝሎ ወደ ሱሉልታ ኮረብታዎች፣ በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ፣ አለዚያም ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚወጣ የአዲስ አበባ ወጣት ብዙ ነው። ከነዚህ መሀል ታዲያ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን ካንበረከከ እኛ ስለ ጫማ ምን አስጨነቀን የሚል አይጠፋም። ነገሩ ለጨዋታ ያህል ደስ ይላል። የአበበን ሕይወት ከሥር ጀምሮ ያየ ሰው ግን ከዚህ ጀግና የሚወሰደው ትምህርት ሌላ መሆኑን ይረዳል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በመንዲዳ አካባቢ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ነበር። ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ፣ በገና ሰሞን ዱላውን ይዞ ገና እየተጫወተ አደገ። ጫማ የሚባል ነገር በእግሩ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የእግሩ ቆዳ ጠጠሩንም ጭቃውንም ለምዶ ነበር። ይህንን ልብ ይሏል! ሮም ላይ የታየው እግር በአንድ ምሽት የተፈጠረ ሳይሆን ከ20 ዓመት በላይ መሬት ሲረግጥ የኖረ እግር ነው።

20 ዓመት ገደማ ሲሞላው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛን ተቀላቀለ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘውም እዚያ ነው። በወቅቱ በሩጫው ዓለም ስሙ የገነነው ዋሚ ቢራቱ ነበርና አበበ ከሱ ኋላ ሆኖ ነው የተነሳው። አበበ በሱሉልታ ኮረብታዎችና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሩጫ ይመላለስ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከሱሉልታ ተነስቶ ከተማ ለመግባት መጀመሪያ ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያ ቁልቁል መወርወር፣ ሲመለሱ ደግሞ ያንን ሁሉ እንደገና መግፋት ያስፈልጋል። ሳምባም እግርም የሚሠራው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በ1952 ዓ.ም ክረምት አበበ አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጠ። ይህ ሰዓት ኤሚል ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፣ ያውም በደጋ አየር! ውጭ አገር ግን ማን ሰምቶት? አበበ ሮም ሲገባ ማንም አላወቀውም።

እዚያ ነው እንግዲህ የጫማው ጉዳይ የሚመጣው። አበበ ሮም ላይ አዲስ የመሮጫ ጫማ አገኘ፤ ጫማው ግን አልመች አለው፣ እግሩንም አቁስሎ ውኃ አስቋጠረው። አዲስ ታኬታ አድርጎ ሜዳ የገባ ተጫዋች ይህን ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ደህና ናቸው፣ ከዚያ ተረከዝ ማቃጠል ይጀምራል፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳሱ ሳይሆን እግሩ ብቻ ነው የሚታሰበው። ማራቶን ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። አበበ አመዛዘነና ጫማውን ጣለው። ውሳኔው ለታይታ የተደረገ አልነበረም። የማይመች አዲስ ጫማና የለመደ ባዶ እግር ሲቀርቡለት የለመደውን መረጠ፣ አለቀ።

ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ መስከረም 10 ቀን 1960 ነበር። አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ የተጠናቀቀው ከመሸ በኋላ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ተያይዘው ሄዱ። ፋሺስት ጣልያን ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አካባቢ ሲደርሱ አበበ ተፈተለከ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ራዲን በ25 ሰከንድ በለጠው። የዓለም ፈጣን ሰዓት የእሱ ሆነ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ተባለ። በማግስቱ አዲስ ዓመት ሲብት የኢትዮጵያ ስም በየአገሩ ጋዜጣ ላይ ነበር። ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም ነው።

ብዙ ሰው የአበበን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆመዋል። ትልቁ ማስረጃ ያለው ግን ቶኪዮ ላይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም አበበ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተሰለፈው ካልሲና ጫማ አድርጎ ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 6 ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሆኖም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሮም በ3 ደቂቃ የፈጠነ መሆኑ ነው! ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው የደረሰው። አበበ ግን ስታዲየም ሲደርስ እንደ ሌላው ሰው አልተዘረረም፣ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይህን የደገሙት ዋልደማር ቺርፒንስኪና ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ባዶ እግር ምስጢሩ ቢሆን ኖሮ በጫማ ባልፈጠነ ነበር። ምስጢሩ አንድም የሱሉልታና የእንጦጦ ዳገት፣ አንድም የገዛ እግሩን ማወቁ ነው። የሚመች ጫማ ሲያገኝ አደረገ፣ የማይመች ሲያገኝ አወለቀ።

እግር ግን ለጀግናም ቢሆን ልክ አለው። በ1961 ዓ.ም ጥቅምት ላይ አበበ ሜክሲኮ ሲገባ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። ግማሹን ሳያጋምስ ለማቋረጥ ተገደደ። ወርቁን ግን ማሞ ወልዴ ለኢትዮጵያ አስቀረው። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አበበ ከሸኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠች። ሰዓታት ሳይቆም የሚሮጠው ሰው ከዚያን ቀን ወዲያ አንድ እርምጃ መራመድ አልቻለም። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት የፈጀ ሕክምና ተደርጎለት እጆቹን ማንቀሳቀስ ቻለ።

ሌላው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃል። አበበ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስትና ጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ኖርዌይ ሄዶም በረዶ ላይ በተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ ሲያርፍ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ሸኘው።

ዛሬ ሱሉልታ የሯጮች መንደር ሆናለች። ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ዳገታቸው ያው ነው። ስለዚህ የአበበን ፈለግ ተከትሎ ለሚወጣ ሰው ጥቂት ነገር እንበል። አዲስ ጫማ ለረጅም መንገድ አይሆንም። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይለበስና እግር ይልመደው። ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ እግር ትንሽ አበጥ ካለ ወዲህ ቢሆን ይመረጣል። ቁልቁለት ላይ ጣት ከፊት እንዳይገጭ ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ያቆስላል፣ ስለዚህ ሱፍነት ያለው ወይም የስፖርት ካልሲ ይሻላል፣ ቅያሪም ይያዝ። ተረከዝ ማቃጠል ሲጀምር ያኔውኑ ተቀምጦ ፕላስተር መለጠፍ ነው እንጂ እስኪቋጥር መጠበቅ ሞኝነት ነው። ክረምት ላይ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፣ ዋልካውም ጫማ ይዞ ያስቀራል። የወጨጫ ተራራና የሱባ ጫካ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብና ብርድ አያጣቸውም። በጠዋት መነሳት፣ ሳይመሽ መመለስ፣ ውኃ፣ ቆሎና የዝናብ ልብስ መያዝ፣ ሸክሙንም ማቅለል ነው።

በባዶ እግር መሄድ የሚያምረው ካለ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ባዶ እግሩን ያደገ መሆኑን አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። አበበ ጫማውን ያወለቀው እግሩን ስለሚያውቅ ነው። እሱን መምሰል የሚሻ ሰው የገዛ እግሩን በማወቅ ይጀምር።