እቴጌ ጣይቱ ብጡል እና የሆቴል አገልግሎት ጅማሮ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በ1875 ዓ.ም. ተጋብተው፣ በ1882 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው።

ከ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ መምጣት በዙ። እንግዳን በነፃ ማስተናገድ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ የመጪው ቁጥር ከቤተ መንግሥቱ መስተንግዶ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ እቴጌይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አስከፈቱ።

ሆኖም ምግብን በገንዘብ መግዛት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ ሆቴሉ በመጀመሪያ ተመጋቢ አጥቶ እንደነበር ይተረካል። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ወደዚያ ወስደው ጋበዟቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን እየከፈሉ እንዲመገቡ አሳሰቧቸው። ገበያው የተገኘው ልማዱ ሲለወጥ ነው።

የሩቅ ተጓዥ ብዛት ደግሞ በመንገድ ይወሰን ነበር። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ሆቴሉ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈው የበቅሎ መንገደኛ እየጠበቀ ነው። ሳይያዝ ያደረ አልጋ ለነገ አይቆጠብም፤ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ጥገና ግን እንግዳ ባይኖርም ይከፈላል። ይህን ሸክም እቴጌይቱ ከባቡሩ ቀድመው ተሸከሙ።

እቴጌ ጣይቱ ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ። ሆቴላቸው ግን ከእርሳቸው በኋላም በፒያሳ እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል።