ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ፦ በአዝሀር የቀሩትን ዐረብኛ ለእውነት ያዋሉት ዓሊም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ዐረብኛን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለመማር የሚነሳ ወጣት ከዘመድም ከጎረቤትም የሚሰማው ጥያቄ አለ። ተምረህ ምን ልትሠራበት ነው? ነሕውና ሶርፍ እንጀራ ይሆናል ወይ? ይሉታል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም በቀላሉ አናልፈውም። መልሱን ግን በክርክር ሳይሆን በአንድ ሰው ሕይወት ማሳየት መርጠናል። የዘር ሐረጋቸው ከሐበሻ ምድር የሚመዘዘውን፣ በካይሮ ተወልደው በአዝሀር የቀሩትን ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲን እናስታውሳለን።

አል-አዝሀር እ.ኤ.አ. በ972 ለሶላት ከተከፈተ ወዲህ ከየሀገሩ የሚመጡ ደረሶች መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። ደረሶቹ እንደየመጡበት ሀገር ሪዋቅ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ማግሪቦች የራሳቸው፣ ሻሞች የራሳቸው፣ ቱርኮችም የራሳቸው ነበራቸው። ከሐበሻ ለሚሄዱት ደግሞ ሪዋቅ አል-ጀበርቲያ ነበር። ጀበርት የሚለው ስም በዘይላዕ አካባቢ ያለ የሐበሻ ምድር መጠሪያ ሲሆን ኋላ የሀገራችን ሙስሊሞች በውጭ የሚታወቁበት ስም ሆነ። የሸይኹ ሰባተኛ አያት፣ እሳቸውም ዐብዱረሕማን የሚባሉት፣ ከዚያ ምድር ተነስተው በጂዳ በኩል ወደ መካና መዲና ሄዱ። ቀጥሎም ካይሮ ገብተው በአዝሀር ቀሩ፤ በመጨረሻም የዚያ ሪዋቅ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በቤተሰቡ ውስጥ ቆየ።

አባታቸው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ከፊቅህና ከዐረብኛ በተጨማሪ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ነበሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ግብፅ የተሾመ አንድ የኦቶማን ፓሻ የአዝሀር መሻይኾችን ስለ ሒሳብ ቢጠይቃቸው አጥጋቢ መልስ አጣ። የአዝሀር ሸይኽ የነበሩት ዐብዱላህ አሽ-ሹብራዊ ያኔ ወደ ሸይኽ ሐሰን መሩት። ፓሻውም ከእሳቸው ዘንድ ይማር ጀመር። አሽ-ሹብራዊም በፓሻው ፊት ከኀፍረት ስላዳኗቸው ሸይኽ ሐሰንን ባገኟቸው ቁጥር ያመሰግኗቸው ነበር። የካይሮ ገበያ ሚዛን በተዛባ ጊዜም ያስተካከሉት እኚሁ ዓሊም ናቸው።

ሸይኽ ዐብዱረሕማን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1753 ነው። አባታቸው ከ40 በላይ ልጆች ወልደው እንደነበር ይነገራል፤ ለአቅመ አዳም የደረሱት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አባታቸው በ1774 ሲሞቱ ዕድሜያቸው ገና 20 ዓመት አካባቢ ነበር። ርስትና ብዙ ኪታቦች ወረሱ። ቁጭ ብለው መብላት ሲችሉ ዕውቀትን መረጡ፤ በአዝሀር ከየመሻይኹ እግር ሥር እየተቀመጡ ፊቅህን፣ ሐዲስንና የዐረብኛ ዕውቀቶችን ቀሩ።

ከመምህሮቻቸው መካከል ሕይወታቸውን የለወጡት ሙርተዳ አዝ-ዘቢዲ ናቸው። አዝ-ዘቢዲ በሕንድ ተወልደው፣ በየመን ተምረው፣ ካይሮ የከተሙ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። ታጁል ዐሩስ የተባለው ግዙፍ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት የእሳቸው ሥራ ነው። እኚህ መምህር ደረሳቸውን የግብፅ ዑለማዎችንና ሹማምንትን የሕይወት ታሪክ እንዲሰበስቡ አዘዟቸው። ሥራው በደማስቆው ሙፍቲ በሙሐመድ ኸሊል አል-ሙራዲ ጥያቄ የተጀመረ ነበር። በ1791 አዝ-ዘቢዲ በወረርሽኝ ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ አል-ሙራዲም ተከተሉ። ሸይኹ አዝነው ሥራውን ለጊዜው ተዉት፤ ኋላ ግን ቀጠሉበት። መረጃውንም ከመቃብር ድንጋይ፣ ከመዝገብና ከሽማግሌዎች አፍ ለቀሙ።

በሐምሌ 1798 ናፖሊዮን ቦናፓርት ጦሩን ይዞ እስክንድርያ ወረደ። በዐረብኛ የታተመ አዋጅም ለሕዝቡ በተነ። አዋጁ ፈረንሳዮች የእስልምና ወዳጆች እንደሆኑ፣ እንዲያውም እውነተኛ ሙስሊሞች እንደሆኑ የሚያስመስል ነበር። ብዙ ሰው ግራ ገባው። ሸይኽ ዐብዱረሕማን ግን ወረቀቱን እንደ ነሕው ደርስ ይዘው ተቀመጡ። ቃል በቃል ፈቱት። የት ላይ ኢዕራቡ እንደተሳሳተ፣ የትኛው ቃል ያለ ቦታው እንደገባ፣ የትኛው አገላለጽ የገበያ ቋንቋ እንደሆነ ዘረዘሩ። በሰዋስው ብቻም አልቆሙ፤ ከቃላቱ ጀርባ ያለውን ማታለልም አሳዩ። በቋንቋው ያልበሰለ ሰው በአዋጁ ሲታለል እሳቸውን ያዳናቸው በአዝሀር የቀሩት ነሕው ነው።

ይሁንና ጥላቻ ዓይናቸውን አልጋረደውም። ፈረንሳዮች በካይሮ ያቋቋሙትን የምርምር ተቋም ሄደው ጎበኙ። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሥዕላዊ ኪታቦቹን፣ የኬሚስትሪ ሙከራውን አይተው መደነቃቸውን ሳይደብቁ ጻፉ። ፈረንሳዮች ዐረብኛን ሌትና ቀን ለመማር እንደሚተጉ፣ የቋንቋ መጻሕፍት እንዳዘጋጁም መዘገቡ። በዚያው ብዕር ደግሞ በጥቅምት 1798 የካይሮ ሕዝብ ሲነሳ ወታደሮቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው አዝሀር መግባታቸውን፣ ኪታቦችንም መርገጣቸውን ጻፉ። ያለ ዝግጅት ሕዝቡን ለእልቂት የዳረጉትን አነሳሾችም ወቀሱ። ለማንም አላዳሉም።

ፈረንሳዮች በ1801 ከወጡ በኋላ ግብፅ በሙሐመድ ዐሊ ፓሻ እጅ ገባች። ዘመኑን ማወደስ ሹመት ያስገኝ ነበር። ሸይኹ ግን ፓሻው የወቅፍ መሬት ላይ እጁን እንዳሳረፈ፣ ገበሬው በግብር እንደተጨነቀ እንዳዩት ጻፉ። ዐጃኢቡል አሳር የተባለው ታላቁ ኪታባቸው እስከ 1821 ድረስ ያለውን ይተርካል። ከዚያ በኋላ ብዕራቸው ዝም አለ። በ1822 ልጃቸው ኸሊል በሌሊት ከሹብራ ሲመለስ ተገደለ። ብዙዎች ጥርጣሬያቸውን ወደ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች ቢያደርጉም ጉዳዩ አልተረጋገጠም። አባት ግን አልቅሰው አልቅሰው ዓይናቸው ጠፋ፤ በ1825 አካባቢም ወደ አኺራ ሄዱ። ኪታባቸው በግብፅ ለብዙ ዓመታት ታግዶ ቆይቶ፣ ሙሉው በቡላቅ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1880 ገደማ ነው። ዛሬ የዚያን ዘመን ግብፅ ሊያጠና የሚፈልግ ሁሉ፣ ምሥራቃዊም ይሁን ምዕራባዊ፣ እሳቸውን ሳያነብ አያልፍም።

እንግዲህ ዐረብኛ ተምሮ ምን ይሠራበታል ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ዐረብኛ ቁርኣንን የምንረዳበት ቋንቋ መሆኑ ብቻውን ይበቃን ነበር። ከዚያ በተጨማሪ ግን ቋንቋውን ጠንቅቆ የያዘ ሰው በዲን ስም የሚቀርብለትን ንግግር ሁሉ መመርመር ይችላል። በዛሬ ጊዜ በሃይማኖት ቃላት የተለበጠ መልእክት በየስልኩ ይደርሰናል፤ መርምሮ የሚለይልን ዓሊም ያስፈልገናል። በወሎ፣ በጅማ፣ በሐረር መስጂዶች ነሕው የሚቀሩ ደረሶችም፣ በዩኒቨርሲቲ ዐረብኛ የሚያጠኑ ተማሪዎችም ይህን አደራ የተሸከሙ ናቸውና አናቃልላቸው። ወላጆችም ልጆቻቸውን አይዟችሁ ይበሏቸው።

አላህ ለሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ይዘንላቸው፤ ከልጆቻችንም እውነትን የማይሸጡ ዑለማዎችን ያውጣልን። አሚን።