ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ እና የመርከበኛነት ሙያ በኢትዮጵያ

ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ ሙያቸውን የቀሰሙበት የአምስት ኪሎው የምህንድስና ትምህርት ቤት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚህ ግቢ የሚወጣ ባለሙያ ስለ መንገድ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ ሕንፃና ስለ ፋብሪካ እንጂ ስለ መርከብ ማሰብ ብዙም አልለመደም። ይሁን እንጂ ከደጋው አገር ጭምር የተመለመሉ ወጣቶች ወደ ምጽዋ ወርደው መርከብ መንዳትን፣ መልሕቅ መጣልን፣ ሞተርና ጄኔሬተር መጠበቅን የተማሩበት ዘመን ነበር። ከዚያ ዘመን ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወታቸውን ታሪክ ከሙያው ጠባይ ጋር አያይዞ ለማቅረብ የታሰበ ነው። ዓላማው ማወደስም መክሰስም አይደለም፤ አንድ ሙያ በአንድ አገር እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚነቀል ለማሳየት ነው።

እስክንድር ደስታ በ1926 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው፣ እናታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅ ነበሩ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ራስ ደስታ በደቡቡ ግንባር ጦራቸውን አሰልፈው ከግራዚያኒ ሠራዊት ጋር ተዋጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላም ትግሉን ሳያቋርጡ ቆይተው በመጨረሻ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በዚያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሕፃኑ ከንጉሣውያኑ ቤተሰብ ጋር በስደት በእንግሊዝ አገር ኖሩ፤ ከነጻነት በኋላም ትምህርታቸውን በዚያው አገር ተከታትለው የባሕር ኃይል መኮንንነትን የሕይወት ሙያቸው አደረጉ።

ይህ ምርጫ በጊዜው እንግዳ ነገር ነበር። ምጽዋ በ1877 ዓ.ም. በኢጣልያ እጅ ከገባች ወዲህ ባሕሩ ከኢትዮጵያ መንግሥት አስተዳደር ውጭ ሆኖ ቆይቷል። በፈረስና በበቅሎ ጦር መምራት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የመኳንንት ልማድ ሲሆን፣ መርከብን የሚያውቅ ቤተሰብ ግን በመሳፍንቱ ዘንድ አልነበረም። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ የባሕር ዳርቻውን የመጠበቅ ጉዳይ አብሮ መጣ። በዚህም ምክንያት በ1947 እና በ1948 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉና የመኮንኖች ማሠልጠኛው በምጽዋ ተቋቋሙ፤ በትምህርቱና በድርጅቱ ሥራም የኖርዌይ መኮንኖች ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። እስክንድር ደስታ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይሉ ምክትል ዋና አዛዥ ሆኑ።

ሹመቱ ከትውልዳቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን መካድ አይቻልም። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ባይሆኑ ኖሮ በዚያ ዕድሜ እዚያ ወንበር ላይ ባልተቀመጡ ነበር። ሆኖም ባሕር ማዕርግን አይለይም። መልሕቅ በደንብ ካልተጣለ መርከቧ የልዑልም ትሁን የዓሣ አጥማጅ ወደ ድንጋዩ መነዳቷ አይቀርም። ስለዚህ ልደት የሰጠውን ሥልጣን በሥራው ላይ ማጽናት የሚቻለው በዕውቀት ብቻ ነበር። የዚህን ሙያ ክብደት ለመረዳት ጥቂት ወደ ውስጡ መግባት ያስፈልጋል።

በብዙ አገሮች የባሕር ኃይል ልማድ ዕጩ መኮንን የሚጀምረው በብረት መርከብ ሳይሆን ሸራ በተወጠረባት ትንሽ ጀልባ ነው። ምክንያቱም ሞተር የሰውን ስሕተት ለጊዜው ይሸፍናል፤ ሸራ ግን ወዲያው ያጋልጣል። ባለ ሸራ ጀልባን ለማቆም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ያጠናል፤ የውሃውን ጥልቀት፣ የባሕሩን ወለል ዓይነትና የነፋሱን አቅጣጫ። አሸዋና ጠንካራ ጭቃ መልሕቅን አጥብቀው ይይዛሉ። ሣር የበቀለበት ወለል መልሕቁን ያንሸራትተዋል። በቀይ ባሕር የሚበዛው የኮራል ድንጋይ ደግሞ ወይ መልሕቁን ነክሶ አላስነሣ ይላል፣ ወይ ገመዱን እየፈገፈገ ይበጥሰዋል፤ በዚህ የተነሣ በእንዲህ ያለው ስፍራ ከገመድ ይልቅ ሰንሰለት ይመረጣል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ፍጥነቷ እስኪያልቅ ትጠበቃለች። ሸራው ይወርዳል፤ ጀልባዋ ቆማ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ስትጀምር መልሕቁ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ሰንሰለቱ በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ በመልሕቁ ላይ እንዳይከመር ጀልባዋ በምታፈገፍግበት መጠን እየተለካ ይሰጣል። ርዝመቱ ከጥልቀቱ 5 እስከ 7 እጥፍ ቢሆን ይመከራል። ለምሳሌ ከጀልባዋ አፍንጫ ጫፍ እስከ ባሕሩ ወለል 10 ሜትር ቢሆን ከ50 እስከ 70 ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል፤ ማዕበል ከተነሣም ይጨመራል። ጥልቀቱ ሲሰላ የባሕሩ ሙላት ሲመጣ የሚጨመረው ከፍታ መታሰብ አለበት።

የዚህ ሁሉ ምስጢር ቀላል ነው። መልሕቅ መርከብን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ረጅሙ ሰንሰለት በወለሉ ላይ ስለሚተኛ መልሕቁን አግድም ይጎትተዋል፤ ጥርሶቹም እያደር ወደ መሬቱ ይሰምጣሉ። ሰንሰለቱ አጭር ከሆነ ግን ወደ ላይ ይጎትተውና እንደ ችካል ይነቅለዋል።

መልሕቅ ተጣለ ማለት ሥራ አለቀ ማለት አይደለም። በየብስ ላይ ቋሚ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ምልክቶች ይመረጣሉ፤ የአንድ ሕንፃ ጫፍ፣ የመብራት ማማ፣ የተራራ ራስ። የእነዚህ አቅጣጫ በኮምፓስ ተለክቶ ይጻፋል። ሌሊቱን ሙሉ ዘበኛው በየተወሰነው ጊዜ ይለካቸዋል፤ አቅጣጫቸው ተለውጦ ካልተመለሰ መልሕቁ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። እጁን በሰንሰለቱ ላይ ቢያኖርም የተያዘ መልሕቅ ዝም ሲል፣ የሚጎተት መልሕቅ በድንጋይ ላይ እንደሚሳብ ብረት ይንቀጠቀጣል። ደግሞም በደቡባዊው ቀይ ባሕር በክረምት ወራት ከሰሜን ምዕራብ፣ በበጋ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ስለሚበዛ፣ ለአንዱ ወራት መጠጊያ የሆነ ስፍራ ለሌላው ወራት አደገኛ ሊሆን ይችላል። በጥሩ ጊዜ የተመረጠ ቦታ ለክፉ ጊዜ አይበቃም።

ይህን በትንሿ ጀልባ የተማረ መኮንን ወደ ትልቋ መርከብ ይሸጋገራል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ኢትዮጵያ የተባለችው ነበረች። ይህች መርከብ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በ1936 ዓ.ም. ኦርካ በሚል ስም አገልግሎት ጀመረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰላማዊው ውቅያኖስ ላይ በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና መለዋወጫ ታቀርብ ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠችና ለዕጩ መኮንኖች የማሠልጠኛ መርከብ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፣ ፍጥነቷ በሰዓት 18 የባሕር ማይል ገደማ ሲሆን፣ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ትይዝ ነበር።

ለእኛ ለመሐንዲሶች እንዲህ ያለች መርከብ በውሃ ላይ የተንሳፈፈች አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። ለከተማ መብራት ኃይልና ውሃና ፍሳሽ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለእርሷም ያስፈልጋታል፤ ልዩነቱ ሲበላሽ ጥገና የሚልክ ድርጅት በባሕር መካከል አለመኖሩ ነው። የዲዝል ሞተሮቿ በንጹሕ ውሃ፣ ንጹሑ ውሃ ደግሞ በባሕር ውሃ ይቀዘቅዛል። እንደ ምጽዋ ባለ ሞቃት ወደብ የባሕሩ ውሃ ራሱ የሞቀ ስለሆነ የማቀዝቀዙ ሥራ ይከብዳል፤ በውሃ ማስገቢያው ቧንቧ ላይ የሚበቅለው ዛጎልም ቶሎ ቶሎ ካልተፋቀ ሞተሩ ይታፈናል። የሚጠጣው ውሃ ከባሕር ውሃ ተተንኖ ይገኛል። ጄኔሬተር ከቆመ መብራት ብቻ ሳይሆን ፓምፑ፣ ራዳሩ፣ መሪውና የመልሕቅ መሳቢያው ሁሉ ይቆማሉ። ጨው ብረትን ስለሚበላ ከመርከቧ ሆድ በታች የዚንክ ቁራጮች ይታሰራሉ፤ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ይበላል። በመርከቧ ግድግዳ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሳራቺኔስካ ካልታየና ካልተቀባ በሚፈለግበት ቀን አይዘጋም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች አነጋገር በየብስ ምክር ነው፤ በባሕር ግን ሕግ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። የሞተር ክፍሉ፣ የመብራቱ፣ የሬዲዮው፣ የመርከቧ ወለል ሠራተኞች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ቀንና ሌሊት ይጠብቁታል። እስክንድር ደስታ በምክትል ዋና አዛዥነት የመሩት እንዲህ በጋራ ጥበቃ የሚኖር ሙያ ነበር። የባሕር ኃይል ቀን በምጽዋ በሚከበርበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተው ተመራቂዎችን ይሸልሙ ነበር። እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ የአሜሪካ፣ የሶቪየት ኅብረት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦችም በአንድ ወደብ መልሕቃቸውን ጥለው ይታዩ ነበር። ለአዲስ ባሕር ኃይል ይህ ትልቅ ክብር ነበር።

ነገር ግን ከክብሩ በስተኋላ ሁለት ድካሞች ነበሩ። አንደኛው፣ ተቋሙ በቤተ መንግሥቱ ጥላ ሥር መቆሙ ነው፤ የአዛዡ ሥልጣን ከዘውዱ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ዘውዱ ሲናወጥ እሱም አብሮ የሚናወጥ ነበር። ሁለተኛው፣ ከመሠረቱ ያረፈበት ምድር ራሱ የጸና አለመሆኑ ነው። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈርሶ በኤርትራ ጦርነቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ መርከቦቹ የታሰሩበት ወደብ የክርክር ምድር ሆነ።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር በልዩ ልዩ ጦር ክፍሎች የተነሣው የወታደሮች አቤቱታና አመፅ ወደ ባሕር ኃይሉም ደረሰ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሪር አድሚራል እስክንድር ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት በአዲስ አበባ ከርቸሌ ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስድሳ ያህል ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በሞቱ ጊዜ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበር። አባት በባዕድ ጦር፣ ልጅ በወገን ጠመንጃ፣ ሁለቱም ያለ ዳኛ ሞቱ። ባጠፉ እንኳ ጥፋቱ የሚመዘንበት ችሎት አልተሰየመም፤ መልካም ቢሠሩም ሥራቸው የሚመሰከርበት ጊዜ አልተሰጠም።

እናታቸው ልዕልት ተናኘ ወርቅ ከልጆቻቸው ጋር እስከ 1980 ዓ.ም. በእስር ቆይተው በ1995 ዓ.ም. ዐረፉ። የተረሸኑት ሰዎች ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ተፈልጎ ወጣና በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበረ። ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ወርዶ ወደ ካቴድራሉ ቅጥር ግቢ የሚዘልቅ ሰው መቃብራቸውን ያገኛል፤ ወደ ቀይ ባሕር የወረደው ሕይወት ፍጻሜው በዚሁ በደጋው ከተማ ሆኗል።

መርከቧም የራሷ ፍጻሜ ነበራት። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጦር እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ብዙዎቹ ወደ ጎረቤት አገሮች ሸሹ። ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብ ወደ የመን ተሻግራ እዚያው ቀረች፤ በ1985 ዓ.ም. ገደማም ለብረቷ ስትባል ተሸጠች። አገሪቱ ከባሕር በር ከተለየች በኋላ ባሕር ኃይሉ ራሱ በ1988 ዓ.ም. ተበተነ። እንግዲህ አንድ ጀልባ እንዴት እንደሚቆም፣ አንድ ጄኔሬተር በጨው አየር ውስጥ እንዴት እንደሚጠበቅ ያወቁ ብዙ ሰዎች ዕውቀታቸውን ይዘው በየፊናቸው ሄዱ።

በ2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ስትነሣ፣ በመጋቢት ወር ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የትብብር ስምምነት ተፈራረመች። የባሕር በር ጉዳይ የፖለቲካ ጉዳይ ስለሆነ ለዚህ ጽሑፍ አይመለከተውም። የሙያው ጉዳይ ግን ይመለከተናል። በፌዴሬሽኑ ዘመን መርከበኛነት በውጭ አገር መምህራን እጅ ከፊደሉ ተጀመረ። ከሁለት ትውልድ በኋላ ደግሞ እንደገና ወደ ውጭ እጅ መዘርጋት ግድ ሆነ። በመካከሉ የነበረው ልምድ ከሰዎቹ ጋር ታሰረ፣ ተሰደደ፣ ተቀበረ።

የሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ሕይወት ለባለሙያ የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው። የአንድ አገር ሙያ በአንድ ቤተሰብ ሞገስ፣ በአንድ መሪ ሥልጣንና በአንድ ወደብ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ጊዜው መልካም እስከሆነ ድረስ የጸና ይመስላል፤ ነፋሱ በተለወጠ ሌሊት ግን የሚይዘው አይኖርም። ሙያ የሚጸናው የሥራው መዝገብ ሲጻፍ፣ ተተኪ ሲሠለጥን፣ ማኅበሩ ከመንግሥት ለውጥ በላይ ሲቆም ነው። ይህም ለመርከበኛ ብቻ ሳይሆን ግድብ ለሚገነባ፣ መንገድ ለሚቀይስና ማሽን ለሚጠብቅ ሁሉ ይሠራል።