የመልእክት ራስጌ መርማሪው ጎርደን ዌልችማን

የኮምፒዩተር መረብን ደኅንነት እንዲከታተል የሚቀጠር ጀማሪ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የመልእክቶችን ፍሬ ነገር ሳይሆን ከየት ተነሥተው፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደ ሄዱ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። ሥራው አሰልቺ፣ ደረጃውም ዝቅተኛ እንደሆነ ይቆጠራል። እንዲህ ካለው መዝገብ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚገኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካሳዩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጎርደን ዌልችማን ነበር።

ዌልችማን እ.ኤ.አ. በ1906 በብሪስቶል ተወለደ (የቀሩትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በካምብሪጅ ሒሳብ ተምሮ በዚያው አስተማሪ ሆነ። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ የምስጢር ጽሑፍ መርማሪዎች ወደ ተሰበሰቡበት ወደ ብሌችሊ ፓርክ ገባ። አለቃው ዲሊ ኖክስ ግን ብዙም ሳይቆይ ከዋናዎቹ ለይቶ በአቅራቢያው ወደ ነበረ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሰደደው፤ የጀርመን ራዲዮ ጣቢያዎችን የጥሪ ምልክት እንዲያጠና። ነገሩ ከሹመት ይልቅ ለመገለል የቀረበ ነበር።

በፊቱ የተከመሩት መልእክቶች ኤኒግማ በተባለው መኪና የተመሰጠሩ ስለ ነበሩ የሚነበቡ አልነበሩም። ሆኖም የላኪውና የተቀባዩ የጥሪ ምልክት፣ ሰዓቱ፣ የፊደላቱ ብዛትና የትኛው ቁልፍ እንደሚያገለግል የሚያመለክቱ ሦስት ፊደላት በራስጌያቸው በግልጽ ሰፍረው ነበር። ዌልችማን እነዚህን እየለየ ሲመዘግብ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ የትኞቹም ጣቢያዎች በአንድ የዕለት ቁልፍ እንደሚጠቀሙ ተገለጠለት። እያንዳንዱን ቁልፍ በባለቀለም እርሳስ ይለይ ስለ ነበር የጀርመን አየር ኃይል ዋና ቁልፍ ቀይ ተባለ። ቻታም በተባለው ጣቢያ ሌት ተቀን ራዲዮ ከሚያዳምጡት ወታደሮች ዘንድም ሄዶ ከእነርሱ ተማረ፤ ይህን ማድረጉ ከሊቅነቱ ያላነሰ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የተረዳው አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበር። በፊታቸው የተደቀነው ጥቂት የተቆለፈ ወረቀት ሳይሆን የአንድ ሙሉ ጦር የመገናኛ ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ ማዳመጡን፣ መለየቱን፣ መፍታቱንና መተርጎሙን አያይዞ በፈረቃ የሚሠራ ድርጅት ያስፈልጋል። ሐሳቡን ለምክትል ኃላፊው ለኤድዋርድ ትራቪስ አቀረበ፤ ጎጆ ስድስት የተባለውም ክፍል ከዚህ ተወለደ።

በ1940 ደግሞ አላን ቱሪንግ ለነደፈው ቦምብ ለተባለው የፍተሻ መኪና ሰያፍ ሰሌዳ የሚባለውን ተጨማሪ መሣሪያ አሰበ። በኤኒግማ የመሰኪያ ገበታ ላይ አንዱ ፊደል ከሌላው ጋር ከተያያዘ ያም መልሶ ከዚህ ጋር መያያዙ አይቀርም። ይህን ቀላል እውነት በሽቦ ማስገባቱ መኪናው በከንቱ የሚቆምበትን ጊዜ እጅግ ቀነሰው።

ዌልችማን ግን ድሉን ለብልኃታቸው ብቻ አልሰጠም። የጀርመን ሠራተኞች የወዳጆቻቸውን ስም ወይም በመኪናው ገበታ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎችን ለመነሻ ባይመርጡ፣ ደብዳቤያቸውንም ዘወትር በአንድ ዓይነት አነጋገር ባይጀምሩ ኖሮ ኤኒግማ ባልተደፈረም ነበር ብሎ ያምን ነበር።

በ1948 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስለ ኮምፒዩተር አስተማረ፤ ከ1962 ጀምሮም ማይተር በተባለው ድርጅት በጦር ሜዳ መገናኛ ላይ ሠራ። የቀድሞው ስንፍና በአዳዲሶቹ መረቦችም ላይ አደጋ እንደሚያመጣ ስላመነ በ1982 የጎጆ ስድስትን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። የአሜሪካ ባለሥልጣኖች ምስጢራዊ ሥራ የመሥራት ፈቃዱን ነጠቁት፤ ስለ መጽሐፉም ለጋዜጠኞች እንዳይናገር ከለከሉት። በ1985 ከእንግሊዝም የወቀሳ ደብዳቤ ደረሰው፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በ79 ዓመቱ አረፈ። የፖላንድ ሊቃውንት አስቀድመው የሠሩትን በሚገባ ያልገለጸ መሆኑን ተረድቶ ያዘጋጀው ማረሚያ ጽሑፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1986 ነው።