ቀድሞ የሚዘለው ጄኔራል

የአየር ወለድ ስልጠና ሲነሳ ትዝ የሚለኝ አሜሪካዊው ጄምስ ጋቪን ነው። በእ.ኤ.አ. 1907 ተወለደ፤ በፔንሲልቬንያ የከሰል ማዕድን ከተማ በአሳዳጊዎች እጅ አደገ። በ17 ዓመቱ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። የፓራሹት ዝላይ የተማረው ግን በ1941፣ በ34 ዓመቱ ነው!

አዛዥ ሲሆን ወታደሮቹን በረጅም የሌሊት ጉዞ አጠነከረ፤ እሱም አብሯቸው ይጓዝ ነበር። ጉልበት ብቻውን ግን አልበቃውም፤ ከጓደኛ ተነጥሎ ማሰብንም አለማመዳቸው። በ1943 ሲሲሊ ላይ ነፋስ በየቦታው በተናቸው። ጋቪን ያገኛቸውን ጥቂት ሰዎች ይዞ ቢያዛ ሸንተረር ላይ ጀርመኖችን ገታ። በ1944 ሆላንድ ላይ ሲያርፍ አከርካሪው ተጎዳ፤ ውጊያውን ግን አልተወም።

ከእሱ የተማርኩት ይሄን ነው፦ ሰውነትን ማጠንከር ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ዕቅድ ሲበላሽ ምን እንደምናደርግ ቀድሞ ማሰብ ነው።